የጎማው ስፋትና የሸማቹ ምርጫ፦ የአሜሪካ የብስክሌት ቀረጥ ያልተነበበ ገጽ

አልቤርቶ ካቫሎ፣ ጊታ ጎፒናት፣ ብሬንት ኒማንና ጄኒ ታንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ቀረጥ በተነሳ ቁጥር ይጠቀሳል። ዋሽንግተን በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችውን ቀረጥ ድንበር ላይ ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የከፈሉት አሜሪካውያን አስመጪዎች ናቸው፤ የሱቅ ዋጋ ግን የዚያኑ ያህል አልናረም፤ ልዩነቱን ቸርቻሪው ከትርፉ ችሎታል ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ አያከራክርም፤ ኢኮኖሚስቶቹ አሚቲ፣ ሬዲንግና ዋይንስታይን በ2019 እዚያው ደርሰዋል። የሚያጣላው ሁለተኛው ነው።

የሱቁን ዋጋ የለኩት በሁለት ታላላቅ ቸርቻሪዎች መደርደሪያ ላይ ነው። ከዳይፐር እስከ ቴሌቪዥን የሚሸጥ ድርጅት የብስክሌቱን ቀረጥ በሌላው ዕቃ ላይ ሊያከፋፍለው ይችላል፤ ብስክሌት ብቻ የሚሸጥ ሰፈር ውስጥ ያለ ሱቅ ግን ይህን መሸሻ ከየት ያመጣል? ከዚህ የባሰም አለ። አንድን ዕቃ እየተከተለ ዋጋውን የሚመዘግብ መለኪያ፣ ዕቃው ሲለወጥ ዓይኑ ይታወራል። የዘንድሮው ሞዴል ዋጋው እንደ አምናው ሆኖ፣ የዘይት ፍሬኑ ወጥቶ የሽቦ ፍሬን ቢገባለት፣ ሸማቹ ቀረጡን በፍሬን ከፍሏል። ሠንጠረዡ ላይ ግን ምንም አልሆነም።

እንዲያውም ሊመረመር የሚገባው ሰነድ ማንም ሊያየው የሚችለው የአሜሪካ የታሪፍ መጽሐፍ ነው፤ አንቀጽ 8712። የሁለቱም ጎማዎቹ ቁመት ከ63.5 ሳንቲሜትር የሚበልጥ፣ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ከ16.3 ኪሎ በታች የሚመዝንና ከ4.13 ሳንቲሜትር በላይ ለሚሰፋ ጎማ ያልተሠራ ብስክሌት 5.5 በመቶ ይከፍላል። ሰፊ ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት 11 በመቶ። ጎማው ትንሽ የሆነው የሕፃናት ብስክሌትም እንዲሁ 11። ባለ 40 ሚሊሜትር ጎማው የጠጠር መንገድ ብስክሌት ከመስመሩ በታች ሲያልፍ፣ ለ45 ሚሊሜትር የተሠራው ወንድሙ እጥፍ ይቀረጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ፓውንድና ኢንች ሲመለሱ 36 ፓውንድ፣ 25 ኢንችና አንድ ከአምስት ስምንተኛ ኢንች ይሆናሉ፤ ዕድሜያቸውን የሚናገረውም ይኸው ነው። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቀረጡን ሲያሳድግ ቀላሉን ብስክሌት 11.25፣ ሌላውን 22.5 በመቶ አደረገው። ያኔም አንድ ለሁለት፣ ዛሬም አንድ ለሁለት። ያኔ ከአውሮፓ ከሚመጣው ብስክሌት የሚጠበቅ የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ ነበር፤ ብስክሌት አምራቹ ሃፊ የመጨረሻዎቹን የአሜሪካ ፋብሪካዎቹን የዘጋው በ1999 ነው። ባለቤቱ ለቆ የሄደ ቤት ዛሬም ዘበኛ ይቀጠርለታል።

በኦገስት 2025 ሁለት ብስክሌቶች ጉምሩክ ደረሱ እንበል። የመቶ ዶላሩ የሕፃን ብስክሌት ከቻይና ነው፤ 11 በመቶው መደበኛ፣ 25 በመቶው በ2019 የተጣለ፣ 30 በመቶው በ2025 የተጨመረ፣ በድምሩ 66 ዶላር። የሺህ ዶላሩ ቀጭን ጎማ የመንገድ ብስክሌት ከታይዋን ነው፤ መደበኛው 5.5 ሲደመር የ2025ቱ 20፣ ማለትም 255 ዶላር። በገንዘብ ሁለተኛው ይበልጣል፤ በመቶኛ ግን ሕፃኑ ከጎልማሳው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ተቀረጠ።

በጁን 2022 የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ለነበረበት አገር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቤት ኪራይ አይቀነስም፤ አዲሱ ብስክሌት ግን ለሌላ ዓመት ይባላል። ያገለገለ ይፈለጋል፣ ወይም ያለው ይጠገናል። ካቴናው ግማሽ በመቶ ያህል ሲለጠጥ ቢቀየር የኋላ ጥርሶቹ ይተርፋሉ፤ ቸል ከተባለ ጥርሶቹን ይዞ ያልቃል። ይህችም መውጫ ጠበበች፤ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት ፈቃድ ለቻይና ዕቃ በሜይ 2፣ ለሌሎች አገሮች በኦገስት 29፣ 2025 ቀረ። ካቴናውን በቀጥታ ከውጭ ያዘዘ ሰው ራሱ አስመጪ ሆኗል፤ ትርፉን ቀንሶ የሚችልለት ቸርቻሪ በመሐል የለም።

ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የተከማቸው ብስክሌት በቅናሽ መሸጡ ቀረጡን አጥፍቶታል የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ክምችቱ እውነት ነው፤ መጋዘን ሲሞላ ትእዛዝ ይቀንሳልና የብስክሌት ዕቃ አምራቹ የሺማኖ ዓመታዊ ሽያጭ በ2022 ከነበረበት 629 ቢሊዮን የን ገደማ በ2023 ወደ 474 ቢሊዮን ወርዷል። ነገር ግን የመጋዘን ቅናሽ መጋዘኑ እስኪራገፍ ነው። በ5.5 እና በ11 መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ነው ለሚለውም መልሱ አጭር ነው፤ ትርፉ በጣም ቀጭን የሆነው ርካሹ ብስክሌት ላይ ነው።

እርግጥ አንድ አንቀጽ የገበያን ጠባይ ሁሉ አይገልጽም፤ የካቫሎና የባልደረቦቹ ልኬትም በለኩት ነገር ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሱቅ ዋጋን ከታሪፉ ንዑስ አንቀጾች ጋር፣ በጎማ ስፋትና በጎማ ቁመት ለይቶ ያላስተያየ ጥናት ግን ቀረጡ የማንን ብስክሌት እንዳስቀረ ሊናገር አይችልም።