ወጌሻ ያሰረው እግር የት ደረሰ?

በወሎዋ ቦረና ሰው ከዛፍ ሲወድቅ ወይም በቅሎ ስትጥለው መጀመሪያ የሚጠራለት ወጌሻ ነው። የወረዳዋ ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በዓባይ በረሃ አፋፍ ለሚኖረው ደግሞ ራሷ መካነ ሰላምም ሩቅ ናት። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። ወጌሻው ስብራቱን በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል፣ በቅቤ ያሸዋል፣ አጥንቱን ስቦ ያገጣጥማል፣ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃና በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል።

ወጌሻው መዝገብ የለውም። ምን ያደርግለታል? ያሰረው ሰው በእግሩ ገበያ ሲወጣ አገር ያያል፤ ስሙም በዚያው ይገነባል። ችግሩ ገበያ የሚወጣው የዳነው መሆኑ ነው። እግሩ የጠቆረበት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ተቆርጦ ሲመለስ «ዕድሉ ነው» ይባልና ማሰሪያውን የሚጠይቅ አይኖርም።

መጠየቅ የነበረበት ግን ማሰሪያው ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ ቀርከሃው አብሮት አይሰፋም። ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ሕመምተኛው ሲያቃስትም ሊጠግንለት ነው ተብሎ ቻለው ይባላል።

ይህን ጉዳት መቁጠር የጀመሩት ሐኪሞች ናቸው። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለወጌሾች ትምህርት ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ የነበረውን አነጻጽረዋል። ከትምህርቱ በኋላ በጋንግሪን፣ ማለትም በሥጋ መሞት፣ የሚቆረጠው ቀነሰ። ትምህርቱ የአንድ ቀን ብቻ ነበር!

ሐኪሞችም ቢሆኑ መቆጠርን አይወዱም። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 ከትንሽ ሆስፒታሉ ያሰናበታቸውን 337 ሕሙማን ተከታትሎ 123 ስሕተቶችን መዘገበ፤ አሳተመም። ባልደረቦቹን እናንተም እንዲሁ አድርጉ ቢላቸው ተጠላ።

ዛሬ ሳይን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለጥቁር አንበሳና ለሌሎች ሆስፒታሎች አጥንት ውስጥ የሚገባ ዘንግ በነፃ ይሰጣል። ምትክ የሚልከው ግን ቀዶ ሕክምናው በመረጃ ቋቱ ሲመዘገብለት ነው። ታካሚው ለክትትል ሲመጣ ቁጢጥ ብሎ ፎቶ ይነሣል፤ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ ፊቱም ፈገግ ማለቱ ወይም መኮሳተሩ ይታያል። ቁጢጥ ብሎ ለሚያጭድና ሜዳ ለሚወጣ ገበሬ ይህ መለኪያ ከራጅ ይበልጥ ኑሮውን ይናገራል።

እንዲህ ያለውን ክትትል በመካነ ሰላም ዙሪያ ለመጀመር የውጭ ዕርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወጌሻ ያሰረውን ሰው በማግሥቱ ሄዳ ጣቱን ትንካው፤ ቀዝቅዞ ካገኘችው ማሰሪያው ይፈታና ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከወራት በኋላም ቁጢጥ ማለት መቻሉ ይጻፍ፤ ውጤቱ ቢከፋም ቢያምርም ለወጌሻው ይነገረው።