በጣት ቁመት የተሣለ ሠራዊት

የአድዋን ጦርነት የሚያሳየው ሕዝባዊ ሥዕል በአገራችን እጅግ ተደጋግመው ከተሣሉት ርእሶች አንዱ ነው። በጅማ ቦሳ ኪቶ የሚኖር መምህርም ሆነ በጎንደር ያለ የቤተ ክህነት ሰው ሥዕሉን ከሩቅ በተመለከተው ጊዜ ምንነቱን ለመለየት አይቸገርም። አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ኢትዮጵያውያን፣ በቀኝ በኩል ጣሊያኖች፤ ከላይ በነጭ ፈረስ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ ዐፄ ምኒልክ ከጃንጥላቸው ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረሳቸው ላይ፤ በመካከል መድፍ፣ ጢስና የወደቀ ሰው። ታላላቆቹ መሪዎች ግን የሚይዙት ከሸራው ጥቂቱን ነው። የቀረውን ስፋት የሚሞላው ስሙ ያልተጻፈ፣ ቁመቱ ከሰው ጣት እምብዛም የማይበልጥ፣ ጋሻና ጠመንጃ ያነገበው ብዙኃኑ ዘማች ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዘመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል፤ ወራሪው ኃይል 17,700 ያህል ወታደርና 56 መድፍ ነበረው። ይህን ሁሉ በአንድ አቡጀዲ ላይ አስፍሮ ለሽያጭ ማቅረብ፣ ያውም ሠዓሊው በዚያው ሥራ ቤተሰቡን እያስተዳደረ፣ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እያንዳንዱን ዘማች በተናጠል ጀምሮ በተናጠል የሚጨርስ ሰው አንዱን ሸራ ለመጨረስ ወራት በፈጀበት ነበር። ሠዓሊዎቻችን ይህን ችግር የፈቱበት ብልኃት ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም፤ «ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሠራ ነገር» እየተባለ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል። ፍርዱ የችኮላ ፍርድ ነው።

ብልኃቱ የተወረሰው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። የመቅደሱን ግድግዳ የሚሸፍነው ሥዕል ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ በኋላ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ በመሆኑ፣ ሠዓሊው ጨርቅን ማዘጋጀት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ጨርቁ ይወጠራል፤ በሙጫ የተለወሰ ነጭ ዱቄት ይቀባል፤ ሲደርቅም ቀለም የማይውጥ፣ መስመር የሚቀበል ገጽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ንድፉ በከሰል ይወጣል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚታየው የሠዓሊው ዋና ችሎታ ነው፤ ማን ከማን ፊት እንደሚቆም፣ የትኛው ጎራዴ ከየትኛው ጋሻ በላይ እንደሚታይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። በአለቃና በደቀ መዝሙር መካከል የሥራ ክፍፍል ባለበት ቦታ ንድፉ የአለቃው፣ ቀለም መሙላቱ የተማሪው ድርሻ ነበር።

ቀለም አቀባቡ ደግሞ በሰው ሳይሆን በቀለም ተራ ይሄዳል። ለሰውነት የሚሆነው ጠይም ቀለም አንድ ጊዜ ይበጠበጥና በሸራው ላይ ላሉት ሁሉ ፊት፣ እጅና እግር ይሰጣል። ቀዩ ሲበጠበጥ ቀይ የሚለብስ ሁሉ ይለብሳል፤ ከዚያ ቢጫው፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ሰማያዊው ይከተላል። ሠዓሊው ወደ ቀኙ ጫፍ በደረሰ ጊዜ በግራ ያለው ደርቆ ይጠብቀዋል። ብሩሹ ለእያንዳንዱ ሰው አይታጠብም፤ አንድ ዓይነት ቀለም ሁለት ጊዜ አይለወስም፤ በሁለት ዘማቾች ቆዳ መካከልም ያልታሰበ ልዩነት አይፈጠርም። ቀለሙ ጥላና ብርሃን ሳይከፈልበት ወጥ ሆኖ የሚተኛ ስለሆነ እጁ ገና ያልበሰለ ተማሪም ሊሠራው ይችላል።

መጨረሻ ላይ ጥቁሩ መስመር ይመጣል። ቀለሙ የሸፈነውን ንድፍ እንደገና ያወጣዋል፤ የኩታውን እጥፋት፣ የጠመንጃውን አፈ ሙዝ፣ የፈረሱን ልጓም ይለያል። ቅንድብና አፍንጫ በአንድ የብሩሽ ጉዞ ይሠራሉ፤ ዓይን ሁለት ቅስትና አንድ ነጥብ ነው። እስከዚህች ሰዓት ድረስ በሸራው ላይ የነበረው ባለቀለም ጨርቅ ክምር ነው፤ ዓይን ሲገባለት ሠራዊት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሥራ ክፍል ልብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ይህ ነው፤ ፍጥነቱ በሌላው ቦታ ጊዜ ቆጥቦ ለፊት የሚያውለው በመሆኑ ነው።

ፊትን በተመለከተ ጥንታዊው የሥዕል ሕግ ሌላ ትልቅ እገዛ አድርጓል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይን ያያል፤ ክፉው በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይታይለታል። ይኸው ሕግ ወደ ጦር ሜዳው ሲሻገር ኢትዮጵያዊው ባለ ሁለት ዓይን፣ ወራሪው ባለ አንድ ዓይን ሆነ። ተመልካቹ የደንብ ልብሱን ሳይመረምር፣ ጽሑፉን ሳያነብ፣ ወገንንና ጠላትን በአንድ እይታ ይለያል። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ምስሎች በተደባለቁበት ሸራ ላይ ይህ ሥነ መለኮታዊ ልማድ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ውጊያው እንዲነበብ የሚያደርገው ዋና መሣሪያ ሆኗል።

በአዲስ አበባ የሥዕል ገበያ እየሰፋ በሄደበት በሃያኛው መቶ ዓመት እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ላለ ገዢ መሣል ያዙ። የሳባ ንግሥት ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍሎች፣ አደን፣ ግብርና፣ ከሁሉም በላይ አድዋ ተፈላጊ ሆኑ። አቡጀዲ ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ በመሆኑ ሥራዎቹ ወደ ብዙ አገሮች ሄደዋል፤ በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ከያዛቸው የኢትዮጵያ ሥዕሎች አንዱ ይኸው የአድዋ ውጊያ ነው። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥላንና ርቀትን ሲያስተምር፣ የሕዝቡ ሠዓሊ በወጥ ቀለሙና በጥቁር መስመሩ እንደጸና ሥራውን ቀጠለ።

ትንንሽ ዘማቾችን በብዛት ቀለም የመቀባት ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በጀርመን የኑረንበርግ ከተማ ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከቆርቆሮ የሚቀለጡ ስስ ወታደሮች ይመረቱ ነበር። ቀለሙን የሚቀቡት በየቤታቸው ተቀምጠው በቁጥር የሚከፈላቸው ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብዝበዛው የከፋ ቢሆንም የሥራው ሥርዓት የኛውን ይመስላል፤ አንዷ ቀዩን ኮት በሙሉ ታዳርሳለች፣ ሌላይቱ ጥቁሩን ጫማ። በ1824 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያ መኮንን ራይስቪትዝ የጦር ጨዋታውን ለአገሩ የጦር አዛዦች አቀረበ፤ በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደር የሚካሄድ ጨዋታ ደንብ በመጽሐፍ አወጣ። ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን ይሠራ የነበረው የለንደኑ የብሪቴንስ ፋብሪካ፣ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ወቅት የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ክብር ዘበኛና የኢትዮጵያን ዘማቾች አሻንጉሊት አድርጎ ለገበያ አቅርቧል። በማይጨው ሰው በመርዝ ጢስ ሲያልቅ፣ በለንደን የዚያው ሰው ምስል ቀለም ተቀብቶ በሣጥን ይታሸግ ነበር።

በኋላ ዘመን፣ በተለይም በ1983 እ.ኤ.አ. ዋርሀመር የተባለው ጨዋታ በእንግሊዝ ከታተመ ወዲህ፣ የተረት ጭራቆችንና ባላባቶችን ሠራዊት ተጫዋቹ ራሱ እየቀባ ማሰለፍ ተለመደ። በሥራ የሚውል ሰው በመቶ የሚቆጠር ምስል ለመጨረስ ሲል የደረሰበት ዘዴ የሚያስገርም ነው። ምስሎቹ ሁሉ መጀመሪያ በአንድ ጥቁር ወይም ነጭ መደብ ይቀባሉ፤ ከዚያ አንድ ቀለም በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይዳረሳል፤ ቀጥሎ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ይፈስባቸውና በየእጥፋቱ ገብቶ ጥላ ይሆናል፤ በመጨረሻ ቀለሙ በጨርቅ የተጠረገለት ደረቅ ብሩሽ በጎበጠው ክፍል ላይ ሲታሽ ብርሃን ያወጣል። የኛ ሠዓሊ በመስመር ያገኘውን እነርሱ ከቅርጹ ጎድጓዳነት ያገኙታል፤ የቀለሙ ተራ ግን ያው ነው። ምስሉ የሚታየው ጠረጴዛ ላይ ከክንድ ርቀት እንደሆነ ያውቃሉ፤ በመሆኑም ድካማቸውን ለፊትና ለዓርማ ያቆያሉ።

ጅማን በሚመለከት እውነቱን መናገር ይገባል። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሰውን ምስል በሸራ የሚሥል ማኅበረሰብ በዚያ አልተስፋፋም፤ የእስልምና ባህል የጸናበት አገር ነውና። የጅማ እጅ ጥበብ በእንጨት ላይ ነው የሚነበበው። በጅሬን ያለው የንጉሡ ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ፣ በጅማ ሙዚየም ያሉት ዕቃዎችና ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለዚህ ምስክር ናቸው። በርጩማው ሳይገጣጠም፣ ሳይቸነከር፣ ከአንድ እንጨት የሚወጣ ስለሆነ ጠራቢው በመጀመሪያዎቹ የመጥረቢያ ምቶች ከተሳሳተ የሚያርምበት መንገድ የለውም። ከሸራው ሠዓሊ ጋር የሚገናኙት በዚህ ነው፤ ለሁለቱም ውሳኔው በመነሻው ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እጅ የለመደው ሥራ ነው።

ፍጥነት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ገበያው ሲያጣድፍ በመጀመሪያ የሚጠፋው ከውጊያው ዳር ያለው ሰው ነው። በጥንቃቄ በተሠሩት የአድዋ ሥዕሎች ላይ ነጋሪት መቺው፣ አዝማሪው፣ ስንቅና ውኃ ተሸካሚዋ ሴት ይታያሉ፤ ከአንዱ ሸራ ላይ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው እየተቀዳ ሲሄድ እነዚህ በተራ በተራ ይወጡና ቦታቸውን አንድ ዓይነት ጋሻ የያዘ፣ አንድ ዓይነት ፊት ያለው ረድፍ ይወርሰዋል። ሽያጩ አይጎድልም፤ መሪዎቹና ቅዱስ ጊዮርጊስ እስካሉ ድረስ ገዢው ሥዕሉን ያውቀዋል። የጎደለው ከሰፊው ሕዝብ ታሪክ ላይ ነው፤ ጦሩ ያለ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን መንገድ አይሄድም ነበርና።

በዚያው ዘዴ እየሠሩ ከዚህ ወጥመድ ያመለጡም አሉ። በጎጃም ቢቸና ተወልደው በቅስና ያገለገሉት፣ በኋላም በአዲስ አበባ የኖሩት ቄስ አዳሙ ተስፋው ለዚህ ይጠቀሳሉ። ሥራዎቻቸው በ1997 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ታይተዋል። ወጥ ቀለሙ፣ ጥቁሩ መስመር፣ ሰፊው ዓይን ሁሉ የወረሱት ነው፤ ተራ የሰው ሕይወትንም በዚያው ብሩሽ ሥለዋል። በእርሳቸው ሸራ ላይ ሰዎች ተጨናንቀው ሲቆሙ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ያያል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይፈራል፤ ይህም የሚሠራው ቅንድቡን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ፣ በዚያችው በመጨረሻዋ ጥቁር መስመር ነው።