የክትባት ተራ በአገራችን

ክትባት የሚለው ቃል ለአገራችን ሰው ከባሕር ማዶ መድኃኒት ጋር የመጣ እንግዳ አይደለም። «ከተበ» ማለት ጻፈ እንደ ማለት ነው። የጥንት ሰዎቻችንም ፈንጣጣ ከወጣበት ሰው ቁስል ፈሳሹን ወስደው፣ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር ጫር እያደረጉ ይከትቡት ነበር። የተከተበውም ሰው ብዙውን ጊዜ በሽታው ቀለል ብሎ ያልፍለትና ዳግመኛ አይያዝም። ይሁን እንጂ የተሰጠው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለ ነበረ፣ ከእርሱ ወደ ጎረቤቱ እየተላለፈ አዲስ ወረርሽኝ ያስነሣ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1788 ዓ.ም. ይህን አደጋ ያስቀረው፣ በሰው ፈንጣጣ ፈንታ የላም ፈንጣጣን በመጠቀሙ ነው።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዉርትዝ አዲሱን ክትባት በአዲስ አበባ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ባላገሩን ሁሉ ለመድረስ የሚበቃ አልነበረም።

ብዙ ዘመን አልፎ በጥር 1963 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት ርዳታ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር፣ ትልቁ ጥያቄ «ማን ይቅደም?» የሚል ነበር። ሕዝቡ ብዙ፣ መንገዱ ጥቂት፣ ከታቢው ከዚያ ያነሰ ነው። ሁሉን እኩል እንክተብ ቢባል አንዱም በጊዜው አይደረስም። ስለዚህ ሥራው በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን ቤተ ሰቡንና ጎረቤቱን ቶሎ መክተብ ሆነ። መሣሪያውም ቀላል ነበር፤ ጫፉ እንደ ሹካ ሁለት የሆነ መርፌና ሙቀት ቶሎ የማያበላሸው ደርቆ የተዘጋጀ ክትባት። ኢትዮጵያውያኑ ከታቢዎች ከአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶችና ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር፣ አብዛኛውን በእግርና በበቅሎ ተጓዙ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ብቻ 26,329 በሽተኞች ተመዘገቡ። ቁጥሩን ያበዛው አንዱ ምክንያት ፈላጊ መገኘቱ ይመስለኛል፤ ከዚያ በፊት ማን ቆጥሯቸው? ሥራው መጀመሪያ የተጠናከረው በደቡብ ምዕራቡ አገር ነበር። እዚያ በሽታው ሲመነምን የጎጃም፣ የበጌምድር፣ የወሎና የሸዋ ደጋ ቀረ።

በደጋው ነገሩ ከበደ። ባላገሩ የራሱን የጥንት ከታቢ ያውቃል፤ ያምነዋልም። የማያውቀው እንግዳ መርፌ ይዞ ቢመጣ አልፈልግም ማለቱን እንደ ድንቁርና የቆጠሩት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል። ሰውየው ክትባትን አልጠላም፤ የጠላው ያልለመደውን ከታቢ ነው። ስለዚህ የአካባቢውን ሹማምንትና ሽማግሌዎች ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

መጨረሻው ደረጃ ቆላው ነበር። በባሌና በኦጋዴን በረሃ ዘላኑ ከውሃ ወደ ውሃ ይጓዛልና፣ ዛሬ የተገኘው በሽተኛ ነገ ከዚያ የለም። ሔሊኮፕተር አስፈለገ፤ በሽፍቶች እጅ የወደቁ ሠራተኞችም ነበሩ። የመጨረሻው በሽተኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ፈላጊዎቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ የቀረ እንዳለ እያሉ መንደሩን ሁሉ ማሰሳቸውን ቀጠሉ። ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መውጣቷ የታወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሐዋሳ መሃል ከተማ ሲመላለሱ ከምናያቸው አዛውንቶች አንዳንዶቹ የዚያን ክትባት ጠባሳ በክንዳቸው ይዘዋል።

የኮሮና ክትባት በመጣ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተመለሰ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ያህል ጠብታ አዲስ አበባ ገባ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። መጋቢት 4 ቀን በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሲጀመር ተራው በቅድሚያ ለጤና ሠራተኞች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ነባር ሕመም ላለባቸው ሆነ። በዚህ ጊዜ እንደ ፈንጣጣው በሽተኛውን ከብቦ መክተብ አልተቻለም። ፈንጣጣ በፊት ላይ ይታያል፤ ኮሮናን ግን ሕመም ያልተሰማው ሰውም ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ተራው በቦታ መሆኑ ቀርቶ በሥራና በዕድሜ ሆነ። ከ12 ዓመት ጀምሮ ላለው ሁሉ በዘመቻ የተከፈተው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው።