በዘር መጠርጠር (ሬሻል ፕሮፋይሊንግ)

«ዘራፊው ቀይ ኮፍያ ያደረገ ረጅም ጥቁር ወጣት ነው» የሚል ጥቆማ የደረሰው ፖሊስ ያንን ሰው ቢፈልግ፣ የተፈላጊውን ምልክት ተከተለ እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም። ጥቆማ ሳይኖር፣ ጥቁር በመሆኑ ብቻ መንገደኛውን አስቁሞ ኪሱን ሲበረብር ግን ሬሻል ፕሮፋይሊንግ ይባላል። በአማርኛ «በዘር መጠርጠር» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። «የዘር መድልዎ» ቅጥሩንም ትምህርቱንም ስለሚጠቀልል ይሰፋል፤ እዚህ የምናወራው መሣሪያ ስለታጠቀ፣ የማሰር ሥልጣን ስላለው ጠርጣሪ ነው።

የኒው ዮርክ ፖሊስ ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) 4.4 ሚሊዮን ጊዜ መንገደኛ አስቁሟል። ከቆሙት 52 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ፤ ከከተማዋ ሕዝብ ግን ጥቁሩ ሩብ እንኳ አይሞላም። ፖሊስ «ወንጀል ወዳለበት ነው የሄድነው» ሲል ተከራከረ። ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን በ2013 አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ሲወስኑ ከመዘገቧቸው ቁጥሮች አንዱ ይህን መልስ ያናጋዋል፦ የጦር መሣሪያ የተገኘው ከቆሙት ነጮች 1.4 በመቶው፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ 1 በመቶው ላይ ነው። ነጩን ለማስቆም በቂ ምክንያት ይፈለግ ነበር፤ ለጥቁሩ ትንሽ ጥርጣሬ ይበቃ ነበር። ፍትሕን ለጊዜው ትተን ስለ ውጤት ብቻ ብናወራ እንኳ ያዋጣል ማለት ያስቸግራል።

በብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ክርክሩ ይከርራል። በተጠለፉ አውሮፕላኖች አሜሪካ ላይ ከተፈጸመው የመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ «ጠላፊዎቹ 19ኙም ዓረቦች ነበሩ፤ ፈታሹ ጥቂት፣ ተሳፋሪው ብዙ ነውና ዓይናችንን የት እንጣል?» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከ2002 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ከ25 አገሮች በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ፣ 16 ዓመት የሞላቸው ወንዶች እየቀረቡ አሻራ እንዲሰጡና እንዲጠየቁ አዘዘ። ከጎረቤቶቻችን ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ከ13,000 በላይ ሰዎች ላይ የማባረር ክስ ተከፈተ፤ በሽብር የተፈረደበት ግን አንድም አልተገኘም። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2001 ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ከፓሪስ ወደ ማያሚ የተሳፈረው ሪቻርድ ሪድ ደግሞ እንግሊዛዊ ዜጋ ነበር፤ ብሪታንያን ያሰፈረ ዝርዝር አልነበረም።

የፕሬዚዳንት ቡሽ አስተዳደር በ2003 ለፌዴራል ፖሊሶች ባወጣው መመሪያ በዘር መጠርጠርን ከለከለ፤ ብሔራዊ ደኅንነትንና ድንበርን ግን ከክልከላው ውጭ አደረገ። የ25ቱን አገሮች ሰዎች አሻራ ያስሰጠው የምዝገባ ደንብ የተሰረዘው በ2016 ማብቂያ ነው።