ሥራው የማያልቅ ፕሮግራም፤ የዩኤስቢ ድራይቨሮች ታሪክ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ

ፍላሽ ዲስክ፣ አታሚ ወይም የመለኪያ መሣሪያ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ሥራውን ይጀምራል። ተጠቃሚውም ነገሩን እንደ ተራ ድርጊት አይቶ ያልፈዋል። ነገር ግን ከዚህ ድርጊት በስተጀርባ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የፈጀ፣ እስከ ዛሬም ያላለቀ ሥራ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የሚገኙት የዩኤስቢ ድራይቨሮች እንዴት እንደተጻፉ፣ በተለይም ከተጻፉ በኋላ እንዴት እንደተጠበቁ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ዘመኖቹ ሁሉ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች ሁሉ የሚያስተዳድር ነው። ድራይቨር ደግሞ በከርነሉና በአንድ ዓይነት መሣሪያ መካከል ቆሞ እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። አብዛኛው ድራይቨር የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ ስለሆነ ስሕተቱ የራሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መላውን ኮምፒዩተር ሊያቆም ይችላል።

የደንቡ መውጣት

ቀድሞ የቁልፍ ሰሌዳው፣ ማውሱ፣ አታሚውና ሞደሙ በየዓይነታቸው የተለያየ መሰኪያ ነበራቸው። ይህን ዝብርቅርቅ ለማስወገድ ኮምፓክ፣ ዲጂታል፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል የተባሉት ሰባት ኩባንያዎች ተባብረው በጥር 1996 የመጀመሪያውን የዩኤስቢ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት በአንድ መቆጣጠሪያ ሥር እስከ 127 መሣሪያዎች ሊቀጠሉ ይችላሉ። ፍጥነቱም ለዝግተኞቹ በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት፣ ለፈጣኖቹ 12 ሚሊዮን ቢት ነበር። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ፍጥነቱን ወደ 480 ሚሊዮን፣ በ2008 የወጣው ሦስተኛው ደንብ ደግሞ ወደ 5 ቢሊዮን ቢት አሳደገው።

የደንቡ ዋና ሐሳብ መሣሪያው ስለ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ኮምፒዩተሩ ማንነቱን ይጠይቀዋል፤ መሣሪያውም የሠሪውንና የምርቱን ቁጥር የያዘ 18 ባይት መግለጫ ይመልሳል። ከርነሉ በእነዚህ ቁጥሮች ወይም መሣሪያው በሚገኝበት መደብ አማካይነት ተገቢውን ድራይቨር መርጦ ያገናኘዋል።

በወረቀት ላይ የቀለለው ነገር በተግባር እንደማይቀል ወዲያው ታየ። በሚያዝያ 1998 በቺካጎ በተደረገው የኮምዴክስ ትርኢት ላይ ቢል ጌትስ በተገኘበት ዊንዶውስ 98 ለተመልካች ሲቀርብ፣ አንድ ስካነር በዩኤስቢ እንደተሰካ ኮምፒዩተሩ ሰማያዊውን የስሕተት ገጽ አሳይቶ ቆመ። ታላቅ ገንዘብና ብዙ ባለሙያ ያለው ኩባንያ እንኳ በአደባባይ የተሰናከለበት ሥራ ነበር።

የሊኑክስ መንገድ

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው የሊኑክስ ከርነል በልዩ ልዩ አገር በሚኖሩ ሰዎች ትብብር ያደገ ነው። በዩኤስቢ ረገድ ቶርቫልድስ ራሱ በ1999 ማውስና የቁልፍ ሰሌዳ የሚያሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፎ አቀረበ። ሌሎችም በዚያ መሠረት ላይ ግንባታቸውን ቀጠሉ። በጥር 2001 የወጣው 2.4 የተባለው ከርነል ዩኤስቢን በሰፊው የሚደግፍ ሆነ።

ይሁን እንጂ መሠረቱ ራሱ ደጋግሞ ተለውጧል። በመጀመሪያ አንድ ድራይቨር መረጃ ሲልክ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በኋላ ግን ጥያቄውን አስረክቦ ወደ ሌላ ሥራ እንዲሄድና ሲፈጸም እንዲነገረው ተደረገ። ከዚያም ድራይቨሮች እርስ በርስ እየተጠባበቁ የሚቆላለፉበትን ችግር ለማስወገድ፣ ስለሚጠይቁት ሜሞሪ ተጨማሪ መግለጫ እንዲሰጡ ግዴታ ሆነባቸው። ክፍሉን ለብዙ ዓመታት በኃላፊነት የጠበቀው ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ከከርነሉ ጋር በሚወጣው ሰነድ ላይ እንደገለጸው፣ ይህ የውስጥ መገናኛ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ታድሷል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል የቆዩት ድራይቨሮች እንዴት ሳይበላሹ ቀሩ? ምክንያቱ አንድ የሥራ ሕግ ነው። የውስጡን መገናኛ የሚለውጥ ሰው፣ በዚያ መገናኛ የሚጠቀሙትን በከርነሉ ውስጥ ያሉ ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን መጣል አልተፈቀደለትም። ከከርነሉ ውጭ የተቀመጠ ድራይቨር ግን ይህ ዋስትና የለውም፤ ባለቤቱ ካልተከታተለው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ደንብ የማይጠብቁ መሣሪያዎች

ከዚህም የባሰው ችግር የሚመጣው ከመሣሪያዎቹ ነው። የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ መጠኑን ሲጠየቅ የመጨረሻውን ክፍል ቁጥር መመለስ አለበት። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር፣ 1000 ክፍሎች ያሉት መሣሪያ 999 ብሎ መመለስ ይገባዋል። አንዳንዶቹ ግን 1000 ብለው ይመልሳሉ። ከርነሉም የተነገረውን አምኖ የሌለውን ክፍል ለማንበብ ሲሞክር መሣሪያው ደርቆ ይቀራል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ዊንዶውስ የማከማቻ መሣሪያዎችን ማንነት ሲጠይቅ 36 ባይት ብቻ ይጠይቃል። ብዙ ሠሪዎች ምርታቸውን የሚፈትኑት በዊንዶውስ ብቻ ስለነበረ፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቁ የሚደርቁ መሣሪያዎች ገበያውን ሞሉት። ስለሆነም የሊኑክስ ድራይቨርም 36 ባይት ብቻ እንዲጠይቅ ተደረገ። የተጻፈው ደንብ ሌላም ቢፈቅድ ልማድ አሸነፈ።

እነዚህን ጉድለቶች የሚመዘግብ፣ ስሙም «ያልተለመዱ መሣሪያዎች» የሚል ትርጉም ያለው ፋይል በከርነሉ ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ምዝገባ የሠሪውን ቁጥር፣ የምርቱን ቁጥርና የሚያስፈልገውን መላ ይይዛል። በየመስመሩ ጀርባ መሣሪያው እምቢ ያለው፣ ችግሩን በትዕግሥት መርምሮ የጻፈ አንድ ሰው አለ። መስመሩን መጨመር ቀላል ሲሆን ማንሣቱ ግን ያስፈራል፤ መሣሪያው አሁንም በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ እየሠራ እንደሆነ የሚያውቅ የለምና።

የ2014 ሁለት ትምህርቶች

በ2014 መጸው ኤፍቲዲአይ የተባለው የቺፕ ሠሪ ለዊንዶውስ ያወጣው ድራይቨር፣ በስሙ ተመስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ቺፖችን ሲያገኝ የምርት ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ይለውጥ ጀመር። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ መሣሪያውን ሊያውቀው አልቻለም። ኩባንያው መብቱን ለማስከበር ቢነሣም፣ ጉዳቱ የወደቀው ቺፑ ሐሰተኛ መሆኑን በማያውቀው ገዢ ላይ ነበር። ተቃውሞ ስለበረታም ድራይቨሩ እንዲነሣ ተደረገ። በሊኑክስ በኩል የተወሰደው እርምጃ ደግሞ አጭር ነበር፤ ያ ዜሮ ቁጥር ድራይቨሩ ከሚያውቃቸው ቁጥሮች ዝርዝር ጋር ተጨመረ፣ መሣሪያዎቹም በሊኑክስ ላይ መሥራት ቻሉ።

በዚያው ዓመት የጀርመን ተመራማሪዎች ሌላ ጉዳይ ገለጡ። የፍላሽ ዲስክን የውስጥ ፕሮግራም በመለወጥ፣ ዲስኩ ለኮምፒዩተሩ «እኔ የቁልፍ ሰሌዳ ነኝ» ብሎ ትእዛዝ እንዲጽፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። በ2017ም በሐሰተኛ መግለጫዎች የተደረገ ፍተሻ በሊኑክስ የዩኤስቢ ድራይቨሮች ውስጥ ብዙ ጉድለቶችን አወጣ። ብዙዎቹ ድራይቨሮች የተጻፉት መሣሪያው ቢሳሳት እንጂ ሆነ ብሎ አይዋሽም በሚል እምነት ነበር። አሮጌው ድራይቨር ሁሉ በአዲስ ዓይን መመርመር ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

መደምደሚያ

ጸሐፊው በሥራ ዓለም ገና ጀማሪ ሳለ ለአንድ የመለኪያ መሣሪያ ድራይቨር ጽፎ ነበር። በሦስት ሳምንት ተጠናቀቀ፤ ሠራም፤ ተመሰገነም። ነገር ግን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ተቀመጠ፣ ማብራሪያም አልተጻፈለትም። ጸሐፊው ወደ ሌላ ሥራ ከተዛወረ በኋላ ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩ አልሠራም። ባልደረቦቹም ለወራት ንባቡን በእጅ እየመዘገቡ ቆዩ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የጸሐፊው ነው፤ መጻፉን እንጂ መጠበቁን ሥራ ብሎ አልቈጠረውም ነበርና።

የዩኤስቢ ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ድራይቨር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረከቡት ዕቃ አይደለም፤ መሣሪያው አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የሙያ ባልደረቦቻችን ለየመሥሪያ ቤታቸው ፕሮግራም ሲያቅዱ የመጠበቂያውን ጊዜና ወጪ አብረው ቢያቅዱ፣ ያገኙትንም ጉድለት ጽፈው ለጋራው ሥራ ቢያበረክቱ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ያንኑ ችግር እንደገና ከመጀመር ይድናል።