ማንጎ እንዲያብብ የተደረገ ጥረት፦ ከጭስ እስከ ፓክሎቡትራዞል

ማንጎ አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ብቻ ይዞ እንደሚቆም ያመረተው ሁሉ ያውቀዋል። ባፈራበት ዓመት ደግሞ የአካባቢው ምርት በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣና ዋጋው ይወድቃል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። መፍትሔ ፍለጋ ብዙ ከደከሙት መካከል የፊሊፒንስ ገበሬዎች ይገኙበታል።

እዚያ የቆየው ዘዴ ጭስ ነበር። ከዛፉ ሥር እርጥብ ቅጠልና ገለባ እያጨሱ፣ ጭሱ በቅርንጫፎቹ መካከል እንዲያልፍ ያደርጉ ነበር፤ ይህም እምቡጥ እስኪታይ ለተከታታይ ቀናት ይቀጥላል። አድካሚ ነው፤ ውጤቱም አያስተማምንም። ተመራማሪዎች በኋላ እንደተረዱት በጭሱ ውስጥ ዛፉን የሚቀሰቅሰው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ነው፤ ሙዝ የሚያበስለው ያው ጋዝ መሆኑ ነው። ገበሬው ስሙን ሳያውቅ በእድገት ሆርሞን ይጠቀም ነበር ማለት ነው።

ለውጡ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዶክተር ራሞን ባርባ የተባሉ የአገሪቱ ተመራማሪ፣ በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ያህል ፖታሲየም ናይትሬት በጥብጦ መርጨት ማንጎን በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲያብብ እንደሚያደርግ አሳዩ። ይህ ንጥረ ነገር በትክክል ከተነገረ ሆርሞን ሳይሆን ለማዳበሪያም ለባሩድም የሚያገለግል ጨው ነው። ቅጠሉ ገና ባልጠና ለጋ ቀንበጥ ላይ አይሠራም፤ ዝርያና የአየር ንብረትም ይመርጣል። በተስማማበት ቦታ ግን ገበሬው ዛፎቹን ከፋፍሎ በተለያየ ጊዜ እየረጨ ምርቱን ለገበያ ማፈራረቅ ቻለ። ዶክተር ባርባ የፈጠራ መብታቸውን ቢያስመዘግቡም ከገበሬው ክፍያ አልሰበሰቡም። በ2014 ብሔራዊ ሳይንቲስት ተብለው ተሰየሙ፤ በ2021 ዐረፉ። በእኔ አስተያየት ከግኝቱ ይልቅ ታሪክ የሠራው ክፍያውን መተዋቸው ነው፤ ባለ አሥር ዛፉም ገበሬ እንደ ባለ ሰፊ እርሻው ሊጠቀም የቻለው በዚህ ምክንያት ነውና።

ቀጥሎ የመጣው ፓክሎቡትራዞል ቀንበጥ የሚያስረዝመውን ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን ዛፉ እንዳያመርት ይገታል። ቀንበጥ ማውጣቱን ሲቀንስ ለማበብ ይዘጋጃል። በታይላንድ በስፋት ተሠርቶበታል። በአገራችንም በላይኛው አዋሽ ቶሚ አትኪንስ በተባለው ዝርያ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2004 ታትሟል፤ የቀንበጡ እድገት ቀንሶ አበባና ፍሬው ጨምሯል።

ይህን ግብዓት ለአባላት ለማቅረብ የሚያስብ ዩኒየን ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ፖታሲየም ናይትሬት ተረጭቶ ባይሳካ የሚባክነው የአንድ ወቅት ድካም ነው። ፓክሎቡትራዞል ግን ብዙውን ጊዜ ከግንዱ ዙሪያ አፈር ላይ የሚፈስ ሲሆን በአፈሩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ መጠኑ ከበዛ የአበባው ዘንግ ይኮማተራል፣ ዛፉም ይቀጭጫል። ስለዚህ መጠኑ በዛፉ ግዝፈት ተለክቶ፣ ባለሙያ ባለበት፣ መጀመሪያ በጥቂት ዛፎች ላይ ይሞከር። ፍግና ውኃ ላጣ ዛፍ ደግሞ ጨርሶ አይሰጥ።