ከደጅ ጥናት እስከ ምርመራ ክፍል፦ በጤና ተቋማት ውስጥ ንግግርና ሥልጣን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። አባባሉ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። የሕክምና ተቋማትን ታሪክ በጥሞና ለሚመረምር ግን ከዚህ ቀድሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ታማሚው በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገው ምንድን ነው? የሚለው ነው። መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚጠይቅና ማን በማን ደጅ እንደሚቆም በወሰነው ልማድ ውስጥ ነው።

የዛሬውን ገጽታ ለመረዳት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚገኘውን አያትን መመልከት ይጠቅማል። አያት በግንብ የታጠሩ ቪላዎችና የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር ነው፤ ከጦር ኃይሎች የሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር በ2015 እ.ኤ.አ. ሲከፈትም የምሥራቁ መጨረሻ ጣቢያ ሆኗል። በ2009 እ.ኤ.አ. በከተሞች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ነዋሪው ቤት ላከ። በእንዲህ ያለ ሰፈር ባለሙያዋ በቪላው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ተነጋግራ ፈቃድ ትጠብቃለች፤ በጋራ መኖሪያ ሕንፃው ግን በሩ ተከፍቶ «ግቢ፣ ቡና ደርሷል» ልትባል ትችላለች። ያቺው ቡና ያቀረበች እናት በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ካርድ አውጥታ፣ ተራ ጠብቃ፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ብላ ትገባለች። ሁለቱ ሴቶች ያው ናቸው፤ የተለወጠው በሩ የማን እንደ ሆነ ብቻ ነው። በቤቷ በዝርዝር የተናገረችውን በምርመራ ክፍል በአንድ ቃል ታሳጥረዋለች።

ደጅ ጥናትና አቤቱታ

ይህ ልዩነት ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ጉዳይ ያለው ሰው በንጉሡ ወይም በመኳንንቱ ደጅ ለሳምንታትና ለወራት ይቆይ ነበር። «ደጅ መጥናት» የሚለው አነጋገር የመጣውም ከዚሁ ነው። ባለጉዳዩ ልብሱን አደግድጎ፣ ዐይኑን ሰበር አድርጎ ይቆማል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም የንግግርን ወሰን ያመለክታል። በሌላ በኩል በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ተራው ሰው በአደባባይ አንደበቱን አሠልጥኖ ይከራከር ነበር። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ባለጉዳይ በተፈጥሮው ዝምተኛ አልነበረም፤ የሚናገርበትንና የሚታቀብበትን ቦታ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር።

የአማርኛ ቋንቋም ይህን ሥርዓት በሰዋስው ውስጥ አስቀምጦታል። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ ለማንም ሰው «ምን ሆነሃል?» ማለት አይቻልም። ሐኪሙ ገና ስለ ሕመሙ ሳይጠይቅ፣ በአንዲት ቃል የታማሚውን ደረጃ ወስኖ ያልፋል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው «ሰምና ወርቅ»ን የቅኔ ስልት ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት አነጋገርም ጠባይ አድርጎ ተመልክቶታል። በበላይ ፊት የሚነገር ቃል ሁለት ፍቺ ሊኖረው ይችላልና በሐኪም ፊት የሚሰማው «እሺ» ሁልጊዜ «ገብቶኛል» ማለት ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ «ሰምቻለሁ»፣ አንዳንዴ ደግሞ «ልሂድ» ማለት ይሆናል።

የዘመናዊ ሕክምና አመጣጥና የቋንቋ ጉዳይ

በ1896 እ.ኤ.አ. ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ቁስለኞችን አከመ። ወደ 1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በእነዚህ ዓመታት ሐኪሙ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ስለ ነበረ ንግግሩ በአስተርጓሚ በኩል ያልፍ ነበር። በመሆኑም ታማሚው የሚናገረው ለሐኪሙ ሳይሆን ለሦስተኛ ሰው ነበር።

የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ይህንኑ በተለየ መንገድ ያሳያል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዛውያን እጅ ተወስደው በህንድ ያደጉትና በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሚባሉት እኒህ ሰው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛን ረስተው ነበር። ከቤተ ዘመዶቻቸው መካከል ሴት አያታቸው የለዩአቸው በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። ሐኪሙ ከገዛ ወገናቸው ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ ያስፈለጋቸው መሆኑ የሞያው ቋንቋና የሕዝቡ ቋንቋ ገና ከጅምሩ ምን ያህል ተራርቀው እንደ ነበር ያስረዳል።

ርቀቱ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከበዙ በኋላም በሌላ መልክ ቀጠለ። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር በመላክ ሐኪምን ከሕዝብ ለማቀራረብ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕክምና ፋኩልቲም አገሪቱን በሐኪሞች አፍርቷል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ፣ የሕመም ታሪክ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ነበር። ታማሚው «ልቤን ያፍነኛል» ወይም «ውስጤን ይበላኛል» ብሎ የተናገረው በካርዱ ላይ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሰው ምርጫ ይሰፍራል። አልጋው አጠገብ በእንግሊዝኛ የሚካሄደው የሐኪሞች ውይይትም ስለ ታማሚው ሆኖ ሳለ ታማሚው የማይሳተፍበት ሆኗል።

ከ1974 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ የመኳንንቱ ማዕረጎች ቀርተው «ጓድ» የሚለው መጠሪያ በመንግሥት ሥራ ውስጥ ገባ። ቃሉ እኩልነትን ቢሰብክም የቢሮው ጠረጴዛና የደጁ ሰልፍ ከቦታቸው አልተነሡም። በሆስፒታልም ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር»፣ ሴቷ ሁሉ «ሲስተር» እየተባሉ ቀጥለዋል። ሕዝቡ ለደረጃው ሳይሆን ለልብሱ ስም ሰጥቷል።

ሌላው ዓለም ምን ተማረ?

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የክሊኒክ ታሪክ ጥናቱ እንዳመለከተው፣ ዘመናዊ ሕክምና ሲወለድ የሐኪሙ ጥያቄ ከ«ምን ሆንክ?» ወደ «የት ላይ ያምሃል?» ተለውጧል። የመጀመሪያው ጥያቄ ታሪክ ይጋብዛል፤ ሁለተኛው ጣትን በአካል ላይ ማሳረፍ ብቻ ይፈልጋል። በ1984 እ.ኤ.አ. ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 74 የሐኪምና የታማሚ ግንኙነቶችን ቀድተው ባጠኑ ጊዜ፣ ሐኪሞች ታማሚውን በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አገኙ። ንግግሩን እስከ መጨረሻ ያደረሰው ታማሚ ከአራቱ አንድ እንኳ አልሞላም። ሳይቋረጡ ቢናገሩ ኖሮ ከሁሉ የከበደውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ የሚያነሡ ታማሚዎች ይኖሩ ነበር።

ይሁን እንጂ የውጭውን ትምህርት እንዳለ መቅዳትም ስሕተት ያስከትላል። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የታተመ አንድ ጽሑፍ፣ ሐኪሞች አስከፊ የምርመራ ውጤትን በቀጥታ ለታማሚው መንገራቸው ቤተሰቡን እጅግ እንደሚያስቀይም አሳይቷል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው፣ ያውም በሌሊት አይነገርም፤ አስቀድሞ ለቅርብ ሰው ተነግሮ፣ ያ ሰው ጊዜውንና ቃሉን ይመርጣል። በዚህ አኳያ አስታማሚው ጎብኚ ብቻ ሳይሆን የንግግሩ ሦስተኛ ባለቤት ነው። ይሁንና አስታማሚው ታማሚውን ተክቶ ሲናገር፣ በተለይ ባል ስለ ሚስቱ ሲመልስ፣ ሌላ ዝምታ እንደሚፈጠር መዘንጋት የለበትም።

የዚህ ክብደት በ2020 እ.ኤ.አ. ጎልቶ ታየ። ከአያት ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮቪድ-19 ሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲሠራ፣ ወረርሽኙ ባስገደደው ጥንቃቄ የባለሙያው ፊት በጭምብል ተሸፈነ፤ አስታማሚም ከታማሚው ተለየ። ለዘመናት በሽማግሌና በዘመድ የሚከናወነው መርዶ የመንገር ሥርዓት ሳይቀር በወረርሽኙ ዘመን ተናጋ።

ወደ ታማሚው ደጅ

በሥርዓት ደረጃ ብዙ ተሻሽሏል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴት ሠራተኞችን በየመንደሩ በማሰማራት የደጅ ጥናትን አቅጣጫ ገልብጦታል፤ ደጅ የሚያንኳኳው ባለሙያው ሆኗል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 ታማሚው ተረድቶ የሚሰጠውን ፈቃድ በሕግ አስፍሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድም ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል።

ሆኖም ሕግ ፊርማን ያስገኛል እንጂ ንግግርን አያስገኝም። ያልገባውን ፈቃድ ፈርሞ «እሺ» ያለ ታማሚ መድኃኒቱን በሦስተኛው ሳምንት ሲያቋርጥ፣ በካርዱ ላይ የሚጻፈው «ትእዛዝ አልፈጸመም» የሚል ነው። ታሪኩ ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በበሩ ላይ ተጀምሯል። «ይቀመጡ» ማለት፣ በ«እርስዎ» መጀመር፣ «ምን ሆኑ?» ብሎ ጠይቆ እስኪጨርሱ መታገሥ፣ በስተመጨረሻም «ገባዎት?» ከማለት ይልቅ «እስቲ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ማለት በጀት አይጠይቁም። ረጅም ሰልፍ ባለበት ክፍል ደቂቃዎች ውድ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ባልተሰማ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የሚታዘዝ መድኃኒት ከዚያ በላይ ያስከፍላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ላይገኝለት ይችላል፤ የሚያስደብቀውን ደጅ መክፈት ግን የባለሙያው ድርሻ ነው።